በፔዳል ካያክ ዓሣ ለማጥመድ ስትወጡ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ፔዳል ያለው ካያክ፣ ማለትም በእግር እየተረገጠ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ለዓሣ አጥማጅ ትልቅ ነገር ነው። እግር ይሠራል፣ እጅ ነፃ ይሆናል። ዓሣው ሲነክስ መቅዘፊያ ጥሎ የማጥመጃ ዘንግ ለማንሣት መሯሯጥ የለም። ነፋስ ሊወስዳችሁ ሲል ቀስ እያላችሁ እየረገጣችሁ ቦታችሁን ትይዛላችሁ፤ እጃችሁ ማጥመዱን ይቀጥላል። እኔ ወደ ፔዳል ከተሻገርኩ በኋላ ሌላ አላማረኝም።

ይሄው ምቾት ግን ሰውን ያዘናጋል። ጀማሪዎችን ይዤ በወጣሁ ቁጥር የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው። እግራቸው ሲቀላቸው ውሃውም የቀለለ ይመስላቸዋል። ከስህተቶቹ አንዳንዶቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ።

ክብደቱን ሳያስቡ መግዛት

ሱቅ ውስጥ ትልቁ ካያክ ነው ዓይን የሚይዘው። ሰፊ ወንበር አለው፣ የዘንግ ማስቀመጫው ብዙ ነው፣ ቆመው ቢያጠምዱበትም አይወዛወዝም። ግን ለዓሣ ማጥመጃ የሚሠሩት የፔዳል ካያኮች ብዙዎቹ ባዷቸውን ከ40 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናሉ። በዚያ ላይ ባትሪው፣ መልሕቁ፣ የመንጠቆ ሣጥኑ አለ። አንድ ወዳጄ 4 ሜትር የሚሆን ገዛ። የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ሆነን ከመኪናው ጣሪያ አወረድነው። በሳምንቱ ብቻውን ሞከረና ወገቡን ያዘው። ካያኩ ከዚያ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ከረመ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይሄን ብቻዬን ከቤት እስከ ውሃ እንዴት አደርሰዋለሁ? ተጎታች ጋሪ ያለው ሰው ትልቁን ይግዛ። የሌለው 3 ሜትር አካባቢ የሆነውን ይይ። በየሳምንቱ የሚወጣ ትንሽ ካያክ ቤት ከሚቀመጥ ትልቅ ካያክ ብዙ ዓሣ ያስይዛል።

የመሸከም አቅሙን በተመለከተ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ጣሪያ ነው። 200 ኪሎ ይችላል ከተባለ የራሳችሁን ክብደትና ዕቃውን ደምራችሁ ከ140 ኪሎ ባታልፉ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ካያኩ ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፣ ይከብዳል፣ ማዕበሉም ጭናችሁ ላይ ይወጣል።

የምታጠምዱበትን ውሃ ሳታውቁ ማሽኑን መምረጥ

የፔዳሉ ማሽን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ከካያኩ ሆድ ሥር ወዲህና ወዲያ የሚወዛወዙ ሁለት ክንፎች አሉት። ሆቢ የተባለው ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ሚራጅ ድራይቭ ብሎ ያወጣው ነው፤ ክንፎቹ እንደ ፔንግዊን ክንፍ ነው የሚሠሩት። እግራችሁን እያፈራረቃችሁ ወደፊት ትገፋላችሁ፣ ደረጃ እንደ መውጣት። ሁለተኛው ፕሮፔለር ነው፤ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ካያኩን የሚገፋ ማራገቢያ መሳይ ነገር። እንደ ብስክሌት ክብ ይዞራል፤ ወደ ኋላ ስታዞሩት ካያኩም ወደ ኋላ ይሄዳል።

ጥልቀት የሌለውና አረም የበዛበት ውሃ ላይ ክንፉ ይሻላል። አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው ወደፊት ስትገፉት ክንፎቹ ከካያኩ ሆድ ጋር ይለጠፋሉ። ፕሮፔለሩን ግን ማንሣት አለባችሁ። በሌላ በኩል ትልቅ ዓሣ ይዟችሁ ወደ ተጋደመ ግንድ ሲጎትታችሁ ፕሮፔለር ያለው ሰው እግሩን ወደ ኋላ አዙሮ ይወጣል። ድሮ የወጡት ባለ ክንፎች ወደ ኋላ መሄድ አይችሉም፤ አዳዲሶቹ ገመድ ስቦ አቅጣጫ መቀየር አላቸው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ሁለቱንም ሳይሞክር አይግዛ። የእግሩ እንቅስቃሴ የተለያየ ስለሆነ አንዱ ተስማምቶት ሌላው ሊያሳምመው ይችላል።

ነፋስን ከጀርባ አድርጎ መውጣት

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ብዙ ጊዜ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው።

ጠዋት ዳር ቆማችሁ ውሃውን ታያላችሁ። መስታወት ይመስላል። ነፋሱ የሚመጣው ከኋላችሁ፣ ከየብሱ ነው። ዛፉና ጉብታው ይከልሉታል። ማዕበል ለመነሣት ደግሞ ሰፊ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ዳር ላይ ጸጥ ያለው ውሃ እየራቃችሁ ስትሄዱ ጸጥ አይልም። እናንተ ግን አይታወቃችሁም። ነፋሱ ይገፋችኋል፣ እናንተም ትረግጣላችሁ፣ ፊታችሁ ላይ ምንም አይሰማችሁም። «ዛሬ እግሬ ተፍታቷል» ትላላችሁ። ጉዱ የሚታየው ስትዞሩ ነው።

አንድ ቀን አንድ ጀማሪ ይዤ ወጣሁ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ብስክሌት ይነዳል፣ እግሩ ብርቱ ነው። ጥሎኝ ሄደ። እንደምንም ደረስኩበትና «እንመለስ» አልኩት። «ገና ሳንጀምር?» አለኝ። አዞርነው። የማዕበሉ ጫፍ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ እያወጣ ነበር። አረፋው እንዲህ ከበዛ ነፋሱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር አልፏል ማለት ነው። ሳንቸኩል በፔዳል የምንሄደው በሰዓት 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ እሱም ነፋስ በሌለበት። መሐል ላይ የልጁ ባት ተኮማተረና እግሩን መዘርጋት አቃተው። እግሩን እያሸ በቆየባት አምስት ደቂቃ ነፋሱ ሩብ ሰዓት የለፋንበትን መንገድ መልሶ ወሰደው። ግማሽ ሰዓት የሄድነውን ለመመለስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ዳር ስንደርስ ልጁ ከወንበሩ መነሣት አልቻለም፤ ብብቱን ይዤ አወጣሁት።

በመቅዘፊያ ቢሆን ኖሮ ይሄን ያህል ባልራቅን ነበር። ክንድ ቶሎ ይደክማል፣ ሲደክም ይናገራል። እግር ግን ዝም ብሎ ይሠራል፣ ይሠራል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይከዳል። ወንበሩ ከፍ ያለ፣ ጎኑ ሰፊ የሆነ ካያክ ደግሞ ለነፋስ እንደ ሸራ ነው።

እባካችሁ፣ መጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ግጠሙት። አድካሚው መንገድ ጉልበታችሁ ሙሉ ሳለ ይለቅ፤ ስትመለሱ እሱ ይግፋችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት ትንበያውን እዩ፣ የቀትር በኋላውንም ጭምር። በሞቃት ቀን ነፋስ ብዙ ጊዜ ከእኩለ ቀን በኋላ ይበረታል። ዓሣው እየነከሰ ቢሆንም እንኳ ከየብሱ የሚነፍስ ነፋስ ሲጠነክር ካያችሁ ተመለሱ።

ላይፍ ጃኬቱን (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ልብስ) ከወንበር ጀርባ ማሰር

«ስፈልገው እለብሰዋለሁ» የሚለኝን ሰው ይዤ አልወጣም። የምትፈልጉት ውሃ ውስጥ ስትሆኑ ነው፤ ያኔ ደግሞ አትለብሱትም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ በየዓመቱ የሚያወጣውን የመዝናኛ ጀልባ አደጋ ዘገባ ብታዩ፣ ሰጥመው ከሞቱት ከአሥሩ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት አልለበሱም ነበር። የጀርባው ስፖንጅ ከፍ ብሎ የሚጀምር ጃኬት ምረጡ፣ ወንበሩ መደገፊያ ላይ አያስቸግርም።

ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። በዚህ ላይ የሠራው ካናዳዊው ተመራማሪ ጎርደን ጊዝብረክት 1-10-1 የሚል አቆጣጠር ያስተምራል። ወድቃችሁ የመጀመሪያውን 1 ደቂቃ ትንፋሻችሁን ለመቆጣጠር ትታገላላችሁ። ከዚያ እጅና እግራችሁ የሚታዘዛችሁ 10 ደቂቃ ያህል ነው። ራስን እስከ መሳት ያለው 1 ሰዓት ገደማ ነው። ያ አንድ ሰዓት የሚገኘው ግን ጃኬቱ አንገታችሁን ከውሃ በላይ ከያዘላችሁ ነው።

ተመልሶ መውጣትን አለመለማመድ

ሰፊ ካያክ አይገለበጥም ብለው የሚያስቡ አሉ። ይገለበጣል። ጥያቄው ከወደቃችሁ በኋላ መውጣት ትችላላችሁ ወይ ነው።

አንድ ጉልበተኛ ወጣት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሲያቅተው አይቻለሁ። እንደ አጥር ሊዘለው ይፈልጋል። በክንዱ ሲጎትት እግሩ ከካያኩ ሥር ይገባል፣ ካያኩ ወደ እሱ ይጋደማል፣ መልሶ ይወድቃል። አራተኛው ላይ «መጀመሪያ እግርህን ወደ ኋላ አንሳፍ» አልኩት። በሆዱ ተንሳፈፈ፣ እግሩን እንደ ዋናተኛ መታ፣ እንደ ዓሣ ተንሸራቶ በደረቱ ወንበሩ ላይ ወጣ። ከዚያ በጀርባው ተገላበጠና ተቀመጠ። ቴክኒኩ ይሄው ነው። የተገለበጠውን ካያክ ለማቃናት ደግሞ በሆዱ ላይ አሻግራችሁ ማዶ ያለውን እጀታ ያዙ፣ ጉልበታችሁን ከእናንተ ወገን ባለው ጎን ላይ አስደግፉና ወደ ኋላ ተኙ። ሞቅ ያለ፣ ደረት የሚደርስ ውሃ ፈልጉ፣ ዘንጎቹን ዳር ተዉ፣ ከጓደኛ ጋር ደጋግሙት።

ስትለማመዱ ማሽኑም በገመድ መታሰሩን ታያላችሁ። ካልታሰረ ካያኩ ሲገለበጥ ወልቆ ይሰጥማል። ዘንጉንም፣ የመንጠቆ ማውለቂያውንም፣ ስልኩንም እሰሩ።

መቅዘፊያ ቤት መተው

ይሄን እኔ አድርጌዋለሁ። አረም ፕሮፔለሩን እንደ ሹሩባ ጠመጠመው፤ ማሽኑን አንሥቼ ሳጸዳ ነፋሱ ሸንበቆ ውስጥ ከተተኝ። እዚያ ደግሞ ፕሮፔለሩን ለማውረድ ጥልቀት የለም። በመረቡ እጀታ እየገፋሁ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። አሁን መቅዘፊያ ሳልይዝ አልወጣም።

መልሕቅን በጎን ማሰር

ወራጅ ውሃ ላይ መልሕቅ ከጎን ከታሰረ ውሃው ካያኩን አግድም ይይዘዋል፣ የታሰረውን ጎን ወደ ታች ይጎትታል፣ ይገለብጠዋል። ሰከንዶች ናቸው የሚፈጀው። ገመዱ ከፊት ወይም ከኋላ ጫፍ ይውጣ። ለዚህ በጎን በኩል የሚሄድ፣ መልሕቁን ከተቀመጣችሁበት ወደ ጫፍ የሚያደርስ የገመድ መዘውር አለ፤ ከማንኛውም ማስጌጫ በፊት እሱን ግጠሙ። ገመድ የሚቆርጥ ቢላ ላይፍ ጃኬታችሁ ላይ ይኑር። ውሃው በጣም የሚፈጥን ከሆነ መልሕቅ አትጣሉ።

ትናንሾቹ

ወንበሩን አርቃችሁ አታስተካክሉ። ፔዳሉ በጣም ርቆ ሲሄድ እንኳ ጉልበታችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት።

ዳር ስትቃረቡ ማሽኑንና መሪውን ቀድማችሁ አንሡ። ድንጋይ ላይ የተመታ የማሽን ዘንግ ይጣመማል፣ የተጣመመ ዘንግ ማርሹን ይበላል።

መኪና ላይ ስትጭኑ ቀበቶውን ከልክ በላይ አታጥብቁት። ፕላስቲኩ ፀሐይ ላይ ይለሰልሳል፣ ይሰረጉዳል። ውሃ ማውጫ ቀዳዳው ውስጥ የሚሰካ ጋሪ ያላችሁ ደግሞ ሙሉ ጭነት ጭናችሁ ኮረት ላይ አትጎትቱ፣ ቀዳዳው ይሰነጠቃል። በቀበቶ የሚታሰረው ይሻላል።

ጨው ውሃ ላይ ከዋላችሁ ማሽኑን በንጹሕ ውሃ እጠቡ፣ ዛሬውኑ።

የማፍሰሻ ቀዳዳውን መክደኛ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። እኔ ካያኩ ቤት ሲሆን መክደኛውን በገመድ ከማሽኑ ጋር አስረዋለሁ። ማሽኑን ሳልገጥም መውጣት ስለማልችል መክደኛው እጄ ላይ ይመጣል።