ባንኮክን በጾምም በፍስክም እንዴት መቅመስ ይቻላል

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባንኮክ የሚያርፈው አውሮፕላን በብዛት የሚያደርሰው ለሕክምና የሚሄዱ ሰዎችን ከነአስታማሚዎቻቸው፣ እንዲሁም ዕቃ ሊገዙ የሚሄዱ ነጋዴዎችን ነው። ብዙዎቹ ሱኩምቪት በተባለው ረጅም ጎዳና ላይ በሚገኘው በናና ሰፈር ያርፋሉ። ሰፈሩ የዐረብና የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉበት እንጀራ አይጠፋም። በዚህም ምክንያት ሰው ሳምንታት ከርሞ የከተማዋን ምግብ ሳይቀምስ ይመለሳል።

እኔም አጎቴን ለማስታመም ሄጄ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቀናት ያሳለፍኩት እንዲሁ ነበር። አንድ ምሽት ከሆስፒታል ስመለስ አንዲት ሴት መንገድ ዳር ከሰል አቀጣጥላ፣ ጉድጓድ ጉድጓድ ያለበት የብረት ምጣድ ጥዳ፣ ነጭ ሊጥ በየጉድጓዱ እየጨመረች ስትጋግር አየሁ። ካኖም ክሮክ ይባላል፤ የሩዝ ሊጥና የኮኮናት ወተት ነው። ዳር ዳሩ ይንኮሻኮሻል፣ መሀሉ ግን ገና እንዳልረጋ ገንፎ ለስላሳ ነው፤ ከጣፋጩ ጋር ጨው አለው። ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበር። ቅቤ የለው፣ ወተት የለው፣ እንቁላል የለው! ቆሜ ስምንቱንም በላሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጣፋጩ በር ገብቼ ወደ ዋናው ምግብ ደረስኩ። እርስዎም በዚሁ መንገድ እንዲሄዱ እመክራለሁ።

1. የማይበሉትን በታይኛ መናገር ይልመዱ

በባንኮክ የአሳማ ሥጋ በየምግቡ ይገባል። «ሙ» የሚል ድምፅ ከሰሙ አሳማ ማለት ነው። «ማይ ሳይ ሙ» ሲሉ «አሳማ አይግባበት» ብለዋል። ዶሮ «ጋይ»፣ የበሬ ሥጋ «ኑዋ»፣ ሽሪምፕ ደግሞ «ጉንግ» ይባላል። እንቁላል «ካይ» ስለሚባልና ከዶሮው ጋር በቀላሉ ስለሚምታታ፣ ሁለቱን ሲያዝዙ በጣት ማመልከቱ ይሻላል። ወንድ ከሆኑ በንግግርዎ መጨረሻ «ክራፕ»፣ ሴት ከሆኑ «ካ» ይበሉ፤ የአክብሮት ቃል ነው፤ ስትሸጥ የዋለች ሴት ፊት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ያዩታል።

በተለይ «ፓት ግራፓው» የተባለውን በበሶብላ ዘመድ ቅጠል የተጠበሰ ሥጋ በሩዝ ሲያዝዙ ይጠንቀቁ። ምን ዓይነት ሥጋ እንደሚፈልጉ ካልተናገሩ አብዛኛውን ጊዜ የተፈጨ አሳማ ይመጣልዎታል። ለመጀመሪያ ቀን የማያሳስበው «ካዎ ማን ጋይ» ነው፤ የተቀቀለ ዶሮ፣ በዶሮው መረቅና ስብ በበሰለ ሩዝ ላይ። ሙስሊም ከሆኑ የታይላንድ ማዕከላዊ እስላማዊ ምክር ቤት የሚሰጠውን የሐላል ምልክት በየምግብ ቤቱ መስታወትና በየማሸጊያው ላይ ይፈልጉ።

ጾም ላይ ከሆኑ ደግሞ አንድ ምልክት ብቻ ያጥኑ፦ በቢጫ ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ በቀይ የተጻፈ፣ 17 ቁጥርን የሚመስል ጽሑፍ። «ጄ» ተብሎ ይነበባል። የቻይና ዝርያ ያላቸው ታይላንዳውያን የሚጾሙበት የምግብ ሥርዓት ሲሆን ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ፈጽሞ አይገባበትም። በቻይናውያኑ የጨረቃ አቆጣጠር በ9ኛው ወር ለዘጠኝ ቀናት ይጾማሉ፤ ብዙ ጊዜ በእኛ መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ይውላል፤ ያን ጊዜ ከተማዋ ቢጫ ትለብሳለች። የጄ ምግብ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም ስለማይገባበት ቁሌት ለለመደ ምላስ ትንሽ ጭር ይላል። «አትክልት ብቻ» ብሎ ማዘዝ ግን አይበቃም። ጎመኑ ራሱ ከዓሣ በሚወጣው «ናም ፕላ» በተባለ ጨዋማ ፈሳሽ ሊጠበስ ይችላል። «ጊን ጄ» ይበሉ፤ ወዲያው ይገባቸዋል።

2. የመጀመሪያውን ምሳ በገበያ ማዕከል ውስጥ ይብሉ

መንገድ ዳር ከመቀመጥዎ በፊት ዓይንዎን ያለማምዱ። ለዚህ የሚመቸው በአሶክ የባቡር ጣቢያ ላይ ያለው ተርሚናል 21 የተባለው ሕንፃ ነው። 5ኛ ፎቅ ላይ በርካታ ትንንሽ ማብሰያዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። መግቢያው ላይ ገንዘብ ከፍለው ካርድ ይቀበላሉ፤ በየመደብሩ በካርዱ ይከፍላሉ፤ የተረፈዎትን ሲወጡ ይመልሱልዎታል። የምግቡ ፎቶግራፍና ዋጋ ፊት ለፊት ስለተሰቀለ መነጋገር እንኳ አያስፈልግም። ዋጋው ከመንገዱ ብዙም አይለይም። ሁለት ሰው ከሆናችሁ ሦስት ትንንሽ ሳህን አዝዛችሁ ተካፈሉ፤ የታይላንድ ሰው ራሱ የሚበላው እንደዚያ ነው፤ በዚህ እነርሱና እኛ አንለያይም።

አበላሉ ሹካና ማንኪያ ነው፤ ሹካው ይገፋል፣ ማንኪያው ወደ አፍ ይወስዳል። የእንጨት ዘንጉ ለኑድል ሾርባ ነው። ከሰሜን ምሥራቁ ክፍለ ሀገር ከኢሳን የመጣውን ተጣባቂ ሩዝ ግን በእጅ ነው የሚበሉት፦ ቆረስ አድርገው፣ በጣት ጠቅለል አድርገው፣ ወጡን እያስነኩ። ያን ጊዜ እጅዎ ሳይነግሩት የሚያውቀውን ሥራ ይሠራል።

ስለ ቃሪያው አንድ ነገር ልበል። አጎቴ «በሚጥሚጣ ያደግን ሰዎች ነን» ብሎ ሶም ታም የተባለውን የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ እንደ አገሬው አድርገው እንዲሠሩለት ጠየቀ፤ ከሁለት ጉርሻ በኋላ ለረጅም ጊዜ መናገር አቃተው። የእኛ በርበሬ ደርቆ፣ ተፈጭቶ፣ በቁሌት ውስጥ በስሎ የተገራ ነው። የእነርሱ «ፕሪክ ኪ ኑ»፣ ሲተረጎም «የአይጥ ኩስ ቃሪያ»፣ ጥሬውን ይወቀጣል። «ፔት ኒት ኖይ» ማለት «ትንሽ ብቻ ያቃጥል» ነው። ከዚያ ይጀምሩ። ሶም ታም ውስጥ የደረቀ ሽሪምፕ እንደሚገባም አይዘንጉ፤ የማይበሉ ከሆነ «ማይ ሳይ ጉንግ» ይበሉ።

3. የመንገድ ዳር ምግብ ሲመርጡ

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው፣ ለምግብ ቤቶች በኮከብ ደረጃ የሚሰጠው የመጀመሪያው የባንኮክ ሚሽሊን መመሪያ፣ የበረዶ መንሸራተቻ መነጽር አድርጋ ከከሰል እሳት ፊት ለምታበስለው ለጄ ፋይ አንድ ኮከብ ሰጥቷል። ይህ ለዓለም ዜና ነበር፤ ለባንኮክ ሰው ግን መንገድ ዳር መልካም ምግብ መኖሩ አዲስ አልነበረም። ከ1961 ጀምሮ ታናድስሪ ስቫስቲ የተባሉ የምግብ ዐዋቂ በአንድ ነዳጅ ኩባንያ ስም «ሼል ቹዋን ቺም» የሚል ምልክት ለሚያደንቋቸው ቤቶች ይሰጡ ነበር፤ የጎድጓዳ ሳህን ምስል ያለበት ምልክት ዛሬም በአሮጌ ቤቶች ግድግዳ ላይ ይታያል።

እኔ ግን ከምልክት ይልቅ የማምነው አንድ ምግብ ብቻ የሚሠራን ቤት ነው። ኑድል ብቻ፣ ዶሮ ብቻ፣ ማንጎ ብቻ። ዐሥር ዓመት አንድ ነገር የሠራ እጅ አይሳሳትም። ቀጥሎ ወረፋውን ይመልከቱ፤ የቢሮ መታወቂያ ያንጠለጠሉ ሠራተኞች ከተሰለፉበት ምግቡ ትኩስ ነው፣ ዋጋውም የተጋነነ አይደለም። የቧንቧ ውሃ አይጠጡ። በረዶ ከተባለ መሀሉ ቀዳዳ የሆነው ቱቦ መሳዩ በረዶ ከፋብሪካ የሚመጣ ነው። ሰኞ ብዙ የመንገድ ሻጮች ስለማይሠሩ ዕለቱን ለሌላ ጉዳይ ይተዉት።

4. ወደ ጣፋጩ ይግቡ

ታይላንዳውያን ጣፋጭን «ካኖም» ይሉታል፤ ከምሳ በኋላ ብቻ ሳይሆን በማናቸውም ሰዓት ይበሉታል። መሠረቱ ሩዝ፣ ኮኮናትና የዘንባባ ስኳር ስለሆነ ለጾመኛ የተሠራ ይመስላል። ምሥጢሩ ጨው ነው፤ የኮኮናቱን ወተት ሁልጊዜ በቁንጥር ጨው ያጣፍጡታል፤ ስለዚህ አይሰለችም።

«ካዎ ኒያው ማሙዋንግ» ማለትም ማንጎ በተጣባቂ ሩዝ፣ ከሁሉ በላይ ነው። ሩዙ በእንፋሎት ይበስልና ገና እንደ ጋለ ጣፋጭ የኮኮናት ወተት ይጠጣል፤ በላዩ ጨው ያለው ወፍራም የኮኮናት ክሬም ይፈስበታል፤ ከጎኑ የበሰለ ማንጎ ይቀመጣል። «ናም ዶክ ማይ» የተባለው ማንጎ ቀጭንና ረጅም፣ ቃጫ የሌለው ነው፤ «ኦክ ሮንግ» አነስ ያለ፣ መዓዛው ግን የበለጠ። የማንጎው ደግ ወቅት ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ዐቢይ ጾምም በአብዛኛው እዚያው ይገጥማል! በታናዎ መንገድ ላይ ያለው ኮ ፓኒት ከ1932 ጀምሮ ተጣባቂ ሩዝ ሲሸጥ የኖረ ቤት ነው፤ በቶንግ ሎ ባቡር ጣቢያ ሥር ያለው ሜ ዋሪ ደግሞ ለሱኩምቪት ሰው ቅርብ ነው። አንድ ሳህን ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሙቀቱ ሲበረታ «ታፕ ቲም ክሮፕ» ይጠይቁ። ስሙ «የሚንኮሻኮሽ ሩቢ» (ሩቢ ቀይ የከበረ ድንጋይ ነው) እንደማለት ነው፤ በውሃ ውስጥ የሚበቅል ሥር ተከትፎ፣ ቀይ ቀለም ነክቶ፣ በዱቄት ተለውሶ ይቀቀልና በኮኮናት ወተትና በበረዶ ይቀርባል። አረንጓዴው ክር መሳይ «ሎት ቾንግ ሲንጋፖር» ስሙ ያሳስታል፤ ከሲንጋፖር አልመጣም። በቻይናውያን ሰፈር ሲንጋፖር በተባለ ሲኒማ ቤት ፊት ለፊት ይሸጥ ስለነበር ነው ሰው እንዲያ ያለው።

ጾመኛ ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡም አሉ፦ ብርቱካናማው የታይላንድ ሻይና ሮቲ የተባለው የመንገድ ዳር ስስ ቂጣ የታሸገ ጣፋጭ ወተት ይገባባቸዋል። የስኳር ሕመም ያለበትን ሰው ይዘው ከሆነ ደግሞ «ዋን ኖይ»፣ «ስኳሩ ይቀነስ» ማለት ለመጠጥ ይሠራል፤ ለካኖም ግን አይሠራም፤ ቀድሞ ተሠርቶ ያለቀ ነውና። ሐኪሙን ሳይጠይቁ ለታማሚ አያቅምሱ። እኔ ለአጎቴ ማንጎውን ብቻ፣ ያውም በልክ ነበር የማካፍለው።

5. ለአንድ ቀን አንድ ሰፈር

የባንኮክ መኪና መንገድ ቀንን ይበላል። በባቡር የሚደረስበትን አንድ ሰፈር ይምረጡና በእግር ይዙሩት። ለምሽት ያዎራት፣ ማለትም የቻይናውያን ሰፈር፤ በ2019 የተከፈተው የዋት ማንግኮን የምድር ባቡር ጣቢያ መሀሉ ላይ ያወጣዎታል። ምሳ ቀለል አድርገው ይሂዱ፣ አንድ ቦታ አይጥገቡ።

ለጠዋት ኦ ቶ ኮ ገበያ፤ በካምፔንግ ፔት ጣቢያ ይወርዳሉ። ፍራፍሬው እንደ ጌጥ ተደርድሯል፣ ውድም ነው። ዱሪያን የተባለውን ሽታው የሚበረታ ፍሬ ለመቅመስ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም፤ ሻጩ ፊትዎ ፈልፍሎ ይሰጥዎታል። «ሞን ቶንግ» ከተባለው ይጀምሩ፤ ሽታው የለዘበ ነው። እዚያው ይጨርሱት፤ ባቡር ላይም ሆነ ብዙ ሆቴሎች ውስጥ ማስገባት ክልክል ነው።

6. በመጨረሻው ቀን ወንዙን ይሻገሩ

በቻዎ ፕራያ ወንዝ ማዶ ኩዲ ቺን የተባለ ትንሽ ሰፈር አለ። የሳንታ ክሩዝ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ከወንዙ ላይ ይታያል። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ የፖርቱጋሎች ዘር ናቸው። ፖርቱጋሎች ወደ ሲያም (የታይላንድ የድሮ ስሟ ነው) የደረሱት በ1511 ነው፤ በ1541 ክሪስቶፎ ዳ ጋማ ጦር ይዞ ምጽዋ ከመውረዱ ከ30 ዓመት በፊት። በእኛ አገር የተዉት ይበልጡን በግንብና በታሪክ ይወሳል፤ እዚህ ግን ወጥ ቤት ገብተዋል። በከተማው ሁሉ የሚያዩት ወርቃማው የእንቁላል ክር «ፎይ ቶንግ» የእነርሱ ነው። ወደ ቤተ መንግሥት ያስገባችው የጃፓንና የፖርቱጋል ደም ያላት ማሪያ ጉዮማር ናት ይባላል፤ ባሏ፣ ግሪካዊው ባለሥልጣን ኮንስታንቲን ፋውልኮን፣ በ1688 ከተገደለ በኋላ በቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት አገልግላለች።

በሰፈሩ ጠባብ መንገዶች ውስጥ ጥቂት ቤተሰቦች «ካኖም ፋራንግ ኩዲ ቺን» የተባለ ትንሽ ኬክ ይጋግራሉ። ዱቄት፣ የዳክዬ እንቁላልና ስኳር ብቻ ነው፤ ቅቤም እርሾም የለውም፤ በላዩ ዘቢብና ስኳር ይነሰነስበታል። በድሮው አሠራር ከሰሉ ከታችም ከላይም ይደረግበት ነበር፤ ልክ እንደ ድፎ ዳቦ። በፍስክ ወቅት ካሉ ትኩሱን ከምድጃው ሲወጣ ይብሉት።

የኮኮናት ወተት ያለበት ጣፋጭ ሁሉ በዕለቱ ይበላሻል፤ ወደ አገር ቤት ለመውሰድ አይሞክሩ። ይህ ኬክ ግን ደረቅ ስለሆነ ጥቂት ቀናት ይቆያል። እኔ በመመለሻዬ ዋዜማ ጠዋት ሁለት ፓኬት ገዛሁ፤ በእጅ ሻንጣ ያዝኩት፤ ለፋሲካ ከቡና ጋር እናቴ ቤት ቀረበ።