የመንደርን ተፋሰስ ከነዋሪው ጋር እንዴት ማልማትና መጠበቅ ይቻላል?

በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ገበሬው ዶማና አካፋ ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ ተፋሰስ ማለት ዝናቡ ወደ አንድ መውጫ የሚወርድበት መሬት ነው። ቁፋሮው ላይ ማንም አይታማም። ብዙ እርከን የሚፈርሰው ሥራው ካለቀ በኋላ ከብት ስለሚለቀቅበት ነው። ስለዚህ የግጦሹ ነገር ዶማ ሳይነሳ ማለቅ አለበት።

1. ተፋሰሱን በእግር ዙሩት። አንድ የማኅበረሰብ ተፋሰስ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 እስከ 500 ሄክታር ስለሆነ ከጋራው አናት እስከ ወንዙ መውጫ መሄድ ይቻላል። ከልማት ሠራተኛውና ከሽማግሌዎች ጋር ውሃ የሚቀዱ ሴቶችና እረኞችም ይኑሩ። የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ ሴቶቹ፣ ቦረቦሩ (ጎርፍ የቆፈረው ገደል) ከየት እንደጀመረ እረኞቹ ያውቃሉ።

2. መተዳደሪያ ደንብ አውጡ። የትኛው ጋራ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ይከለል? ሳሩን ማን ያጭዳል? ከብቱን የለቀቀ ስንት ይቀጣል? ሁሉም በጉባኤ ይወሰንና ይጻፍ። ጋራው ሲከለል ይበልጥ የሚጎዳው የግል መሬት የሌለውና ከብቱን እዚያ የሚያሰማራው ሰው ነው። ለእሱ ከሳሩ ድርሻ፣ ለሥራ አጥ ወጣቶች ደግሞ የቀፎ ቦታ ካልተሰጠ ደንቡ አንድ ክረምት አይሻገርም። ውቅሮ አጠገብ ያለችው የትግራይ መንደር አብርሃ ወአጽብሃ በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታትን የኢኳተር ሽልማት ያገኘችው የተራቆተ መሬቷን ነዋሪው ራሱ አልምቶ ስለጠበቀው ነው።

3. ሥራውን ከላይ ጀምሩ። ከታች የተሠራ እርከን ከጋራው የሚወርደውን ጎርፍ ብቻውን አይችለውም። እርከኑ የሚሄድበትን እኩል ከፍታ ለመቀየስ ሁለት እኩል ዘንግ፣ 10 ሜትር ሲባጎና ውሃ ልክ ይበቃል። ሲባጎው በሁለቱም ዘንግ ላይ እኩል ከፍታ ላይ ይታሰር፣ ውሃ ልኩም መሐሉ ላይ ይንጠልጠል። አንዱ ሰው ቆሞ ሌላው ዳገቱን ወጣ ወረድ ይላል። የውሃ ልኩ አረፋ ወደሚንቀሳቀሰው ሰው ካደላ ከፍ ብሏልና ይውረድ፤ መሐል ላይ ሲረጋ ምልክት ይተከል። ውሃ በሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ ግን እርከኑ ወደ ማስወገጃ ቦይ ትንሽ ማዘንበል አለበት።

4. ቦረቦሩን በክትር፣ ማለትም ውሃውን አግድም በሚያበርድ የድንጋይ ወይም የእንጨት ግድብ ያዙ። የክትሩ መሐል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ውሃው ጎኑን ሰብሮ ይሄዳል። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው እግር ጋር እኩል ይሁን።

5. ክረምት ሲገባ እርከኑ ላይ ዝሆኔ ሳር፣ ቬቲቨር የተባለውን ሳር ወይም ሰስባኒያ የተባለውን ቁጥቋጦ ትከሉ።

6. መስከረምና ጥቅምት ላይ ሳሩን በደንቡ መሠረት፣ ሁሉም እያየ አከፋፍሉ። ሽያጭ ካለ ገንዘቡ በተፋሰሱ ኮሚቴ ስም ባንክ ይግባና ሒሳቡ በጉባኤ ይነበብ። በዚያው ሰሞን ጎርፍ የነደለውን እርከን እየዞራችሁ መዝግቡ፤ የጥር ዘመቻ አዲስ ከመቆፈሩ በፊት እሱን ይጠግን።