ቁልፉ የጠፋ ቁም ሳጥን

የድሮ ቁም ሳጥን ቁልፍ ሲጠፋ ብዙ ሰው የሚያነሳው ካቻቢቴ ነው። እባካችሁ አትፈልቅቁት። የእናቴ ቁም ሳጥን እንዲያ ተከፍቶ የበሩ ጠርዝ ተሰነጠቀ፤ ሴራቱራው ግን ምንም አልነበረበትም።

ተቆልፏል፣ ቁልፉም የለም

መጀመሪያ ቤት ውስጥ ያሉትን የድሮ ቁልፎች ሁሉ ሞክሩ፤ የቡፌውንም የኮመዲኖውንም። የእነዚህ ቁልፎች ጥርስ ቀላል ስለሆነ የአንዱ ሌላውን መክፈቱ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ከዚያ በፊት ግን ቀዳዳውን በስልክ መብራት እዩት። መሃሉ ላይ ቀጭን ዘንግ ካለ የሚገባው ጫፉ እንደ ቱቦ ክፍት የሆነ ቁልፍ ብቻ ነው። ድፍኑን በግድ ከገፋችሁት ዘንጉ ይጣመማል።

አንዱም እምቢ ካለ ዕቃውን ከግድግዳው አራቁትና ጀርባውን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ሚስማር የተመታ ስስ ጣውላ ነው። ሚስማሩን በፒንሳ ነቅላችሁ እጃችሁን አስገቡ። ባለ ሁለት በር ከሆነ አንደኛው በር ከላይና ከታች በትንሽ መቀርቀሪያ ተይዟል። ሁለቱንም መቀርቀሪያ ስትለቁ በሮቹ እንደተቆለፉ አብረው ወደ ውጭ ይከፈታሉ። የተቆለፈው መሳቢያ ከሆነ ከላዩ ያለውን አውጥታችሁ በዚያ በኩል ግቡ፤ በመሃል ጣውላ ከሌለ እጅ ይደርሳል።

አሁን ሴራቱራውን ከውስጥ በኩል ፈትታችሁ ራሱን ለቁልፍ ቀራጭ ውሰዱት። ከፍቶ ውስጡን አይቶ ጥርሱን ይሞርደዋል። በሩን በፎቶ ብቻ ብታሳዩት ግን ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ቁልፉ ይገባል፣ አይዞርም

በሩን ከፍታችሁ ሞክሩት። ክፍት ሆኖ ከዞረ ሴራቱራው ደህና ነው፤ በሩ ወርዶ ነው። የማጠፊያውን ብሎን አጥብቁ። ክፍት ሆኖም ካልዞረ ዝገትና አቧራ ይዞታል። የምግብ ዘይት አታፍስሱበት፣ አቧራ ይዞ ይጋገራል። የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ቁልፉ ጥርስ ላይ ቀብታችሁ ቀስ እያላችሁ ወዲያና ወዲህ አዙሩት።

አንድ ዕቃ፣ የተለያየ ቁልፍ

የአንድ ዕቃ በሮችና መሳቢያዎች በተለያየ ቁልፍ የሚከፈቱት ብዙ ጊዜ ከዚህ በፊት አንዱ ሴራቱራ ስለተቀየረ ነው። የምትቀይሩት በኋላ የገባውን ይሁን፤ የድሮው ዕቃው ሲሠራ ለልኩ የተፈለፈለለት ነው። መርካቶ ውስጥ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ስትሄዱ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ። ዋናው ልክ ከቁልፉ ቀዳዳ መሃል እስከ ሴራቱራው ጠርዝ ያለው ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ከተሳሳተ የበሩን ቀዳዳ ማስፋት ይመጣል። የሰፋ የብሎን ቀዳዳ ካለ የክብሪት እንጨት በኮላ ነክራችሁ ጠቅጥቁበት፤ ሲደርቅ ብሎኑ ይይዛል።

ቁልፍ ስታስቀርጹ ሁለት ይሁን። ሁለተኛውን በክር አስራችሁ ከዕቃው ጀርባ ሚስማር ላይ ስቀሉት።