ስለ ኬልቶችና ስለ ሮም አገዛዝ ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በሮም አገዛዝ ሥር ስለነበሩት፣ በተለምዶ ኬልቶች ስለሚባሉት የጋውል (የዛሬዋ ፈረንሳይና አካባቢዋ) እና የብሪታንያ ሰዎች የተጻፉ የተማሪዎችን ጽሑፎች ለብዙ ዓመታት አርሜያለሁ። ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ፣ ደጋግሜ ባርመውም ተመልሶ የሚመጣው፣ «የሮማውያንን ስም የያዘ ኬልት ማንነቱን ጥሏል» የሚለው ድምዳሜ ነው። ይህን የሚጽፍ ሰው በዛሬዋ ፈረንሳይ፣ በሳንት ከተማ፣ በ18 ወይም በ19 ዓ.ም. ግድም ለጢባርዮስ ቄሳርና ለቤተሰቡ ክብር የተሠራውን ቅስት ሊመለከት ይገባዋል። ያሠራው ሰው ጋይዮስ ዩልዮስ ሩፎስ ሲሆን፣ የጋይዮስ ዩልዮስ ኦቱአኔውኖስ ልጅ፣ የጋይዮስ ዩልዮስ ጌዴሞን የልጅ ልጅ፣ የኤፖትሶሮቪዶስም ልጅ የልጅ ልጅ መሆኑን በድንጋዩ ላይ አስቀርጿል። «ጋይዮስ ዩልዮስ» ከሮም ዜግነት ጋር ወደ ቤተሰቡ የገባ ስም ነው፤ ቅድመ አያቱ ግን በጋውልኛ ስሙ ብቻ ተጠርቷል። ሩፎስ በሊዮን የሮምና የአውግስጦስ መሠዊያ ካህን ነበር፤ ያም ሆኖ የዘር ሐረጉን በንጉሠ ነገሥቱ ቅስት ላይ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲታይ አድርጎ ጻፈ። ትውልድን በአባትና በአያት ስም መቁጠር የለመደ የአማርኛ አንባቢ ይህን ጽሑፍ ከማንም ቀድሞ ሊረዳው ሲችል፣ «ተዋጠ» ወይም «እምቢ አለ» ከሚሉት ሁለት ቃላት አንዱን መርጦ ማለፉ ያስቆጨኛል።

ሁሉንም «ኬልት» ብሎ መጥራትም ስህተት ነው። ዩልዮስ ቄሳር ጋውልን በሦስት ከፍሎ፣ በገዛ ቋንቋቸው ራሳቸውን ኬልት የሚሉት የአንዱ ክፍል ሰዎች መሆናቸውን ጽፏል። የጥንት ጸሐፊዎች የብሪታንያን ሰዎች በዚህ ስም አልጠሩም፤ ቋንቋዎቻቸውን በአንድ ቤተሰብ ሥር ያሰባሰበውና መጠሪያውም እንዲስፋፋ ያደረገው በ1707 የታተመው የዌልሱ ምሁር የኤድዋርድ ልዊድ ሥራ ነው። በሰሜን እንግሊዝ፣ በሳውዝ ሺልድስ የተገኘው የሬጂና የመቃብር ድንጋይ እርሷን ካቱቬላውናዊት ይላታል፤ ይህም በደቡብ ብሪታንያ የነበረ የአንድ ሕዝብ ስም ነው። ከባርነት ነጻ አውጥቶ ያገባት ባራቴስ ደግሞ ከሶርያዋ ፓልሚራ የመጣ ሰው ሲሆን፣ ከላቲኑ በታች በአገሩ በአራማይስጥ «የባራቴስ ነጻ የወጣች ሬጂና፣ ወዮ!» አስብሎ አስቀርጿል። መቀላቀሉ በሮማዊና በኬልት መካከል ብቻ እንዳልነበረ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ድንጋይ አላውቅም።

ሮማውያን የአገሬውን አማልክት በራሳቸው አማልክት «ተኩ» የሚለውንም ሁልጊዜ እሰርዛለሁ። በእንግሊዝ፣ በባዝ ፍል ውሃ የአገሬው አምላክ ሱሊስ ከሮማውያኗ አምላክ ከሚኔርቫ ጋር በአንድ ስም ስትመለክ፣ ዕቃ የተሰረቀበት ሰው ሌባውን እንድትቀጣለት በእርሳስ ቅጠል ላይ በላቲን ይጽፍላት ነበር። የጋውሏ የፈረሶች አምላክ ኤፖናም እስከ ሮም ድረስ ተመልካለች።

በቋንቋ በኩል እኔም ተሳስቻለሁ፤ ዩልዮስ ቄሳር የከበባት የጋውሎች ምሽግ አሌዝያ በ52 ቅድመ ክርስቶስ ስትወድቅ ጋውልኛም አብሮ እንደጠፋ አድርጌ ጽፌ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በላ ግሮፈዛንክ የሠሩ ሸክላ ሠሪዎች ወደ ምድጃ ያስገቡትን ዕቃ በሳህን ላይ ጭረው ጋውልኛንና ላቲንን ቀላቅለው እንደመዘገቡ የተረዳሁት። ሸክላዎቻቸው በሮም ግዛት ሁሉ ሲሸጡ፣ የሥራ ቤቱ ሒሳብ በአገር ቋንቋም ይያዝ ነበር።

ዩልዮስ ቄሳር ስለ ጋውል ጦርነት የጻፈውን መጽሐፍ የድል አድራጊው ቃል መሆኑን ሳይናገሩ መጥቀስ አይገባም።

ዓመታትንም ከሁለት አቆጣጠር መቀላቀል አይገባም፤ እዚህ የተጻፉት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንድ ተማሪ ንጉሠ ነገሥት ቀላውዴዎስ የጋውል መኳንንት ወደ ሴኔት (የሮም ሸንጎ) እንዲገቡ የተናገረበትን 48 ዓ.ም. ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶ 40 ሲያደርገው፣ የነገሠበትን 41 ግን እንዳለ ስለተወው፣ ንግግሩ ንጉሠ ነገሥቱ ከመንገሡ በፊት የተደረገ ሆኖ ቀርቧል።