ልጅ ፊደልን በዜማ ብቻ ሳይሆን በዓይኑም እንዲለይ

ልጆቻችሁን በቤት ውስጥ ፊደል የምታስቆጥሩ እናቶች፣ ገበታውን ሳይሳሳት የሚወርድ ልጅ «ቢ»ን ለብቻዋ ስታሳዩት ከ«በ» ተነሥቶ ካልቆጠረ የማያውቃት ከሆነ፣ የያዘው ዜማውን እንጂ የፊደሏን መልክ አይደለም። ከፓስታ ካርቶን የመዳፍ ስፋት ያህል ቍረጡና አንዲት ፊደል ብቻ የምታሳይ ቀዳዳ መካከሉ ላይ አውጡለት፤ ከዚያም በገበታው ላይ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተታችሁ ጠይቁት። ጎረቤቶቿ ስለተሸፈኑ ልጁ የ«ቡ» ቅጥያ ከቀኝ እግሯ ወገብ ላይ፣ የ«ቢ» ግን ከእግሯ ግርጌ መውጣቱን አተኵሮ ለማየት ይገደዳል። የኔታዎችም ከ«ሀ ሁ» ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ» የሚያስቆጥሩት ቅደም ተከተሉን ሰብረው መልኩን ለማስለየት ነው።

እኛ ድሬዳዋ ከጠዋት ጸሎት በኋላ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ 10 ደቂቃ ብቻ እንሠራበታለን፤ 231ዱን ፊደል በአንድ ቀን ማዳረስ አያስፈልግም። ግእዙን፣ ማለትም የመጀመሪያውን የፊደል ዓምድ (ሀ፣ ለ፣ ሐ…)፣ ገና ላልጨረሰ ልጅ ግን አትጠቀሙበት፤ ያስጨንቀዋል። «ሐ» እና «ኀ» ሲመጡም «ሀ» ቢላችሁ ድምፁን ስላልሳተ አትቈጡት፤ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ» እያላችሁ ስማቸውን ንገሩት።