ፍሬን ሲረገጥ የማይበራ መብራት፦ ለአሮጌ መርቼዲስ ባለቤቶች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን ለወረደ ሰው የፍሬን መብራትን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልግም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ናት፤ ይህ ሁሉ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ውስጥ ያልቃል። ጉም ሲወርድ ከኋላችሁ ያለው ሲኖትራክ የሚያየው መኪናችሁን ሳይሆን ሁለቱን ቀያይ መብራቶች ነው። አንዱ ከጠፋ ሞተር ሳይክል ትመስሉታላችሁ፤ ሁለቱም ከጠፉ ጭራሽ የላችሁም።

እዚህ የምጽፈው በተለይ ስለ መርቼዲስ 124 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1984 መሠራት ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ስለዘለቀው። የ190 ባለቤቶችም አብዛኛውን ይጠቀሙበታል። በእነዚህ መኪኖች ላይ «ስቶፕ መብራት ጠፋ» ሲባል ሰው በቀጥታ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይሄዳል። እኔ ግን መጀመሪያ ፖርታ ባጋሊዮውን ክፈቱና አምፖሉ የተቀመጠበትን ቦታ እዩ እላለሁ። መኪናው እዚህ ዕድሜ ላይ ሲደርስ ከአምፖሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ንክኪው ነው።

ለመፈተሽ መኪናውን ጀርባውን ለግድግዳ ወይም ለቆርቆሮ አጥር ሰጥታችሁ አቁሙት፤ ሲመሽ ይሻላል። ቁልፉን ክፈቱ፣ ፍሬኑን ርገጡ፣ በመስታወት የግራና የቀኙን ቀይ ነጸብራቅ አነጻጽሩ። አንዴ ትንሹ መብራት ጠፍቶ፣ አንዴ ደግሞ በርቶ ሞክሩት፤ አንዳንዱ ብልሽት የሚገለጠው በሁለተኛው ብቻ ነው። የሰፈር ልጅ ከተገኘ ከኋላ ይቁምላችሁ፤ ነገር ግን «በራ ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁት። «ሁለቱ እኩል ናቸው ወይ?» በሉት።

ምልክት፦ ፍሬን ስትረግጡ ዳሽቦርዱ ላይ የአምፖል ሥዕል ይበራል

ይህ ምልክት ቁልፍ ሲከፈት ይበራል፣ ሞተር ሲነሳ ይጠፋል፤ እስከዚህ ጤነኛ ነው። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ ፍሬን ስትረግጡ መጥቶ፣ እግራችሁን ብታነሱም ሞተሩን እስክታጠፉ ድረስ በርቶ ከቀረ ነገሩ ከስቶፕ መብራት ነው። ትንሹን ወይም ትልቁን መብራት ስታበሩ ከሆነ የሚመጣው ግን ስቶፑን አትነካኩ፤ የፊቱን፣ የኋላውን ትንሽ መብራትና የታርጋውን ተመልከቱ።

መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው። አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይም አምፖሉ ደህና ሆኖ ኤሌክትሪክ በደንብ አይደርሰውም። ለመለየት አምፖሉን ማውጣት ግድ ነው። አብሽሩ፣ ሥራው ከባድ አይደለም።

መብራቱን አጥፉ፤ ቁልፉንም ዝጉ። ብዙ ሲረገጥ የቆየ ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ትንሽ ጠብቁ፤ 21 ዋት አምፖል ጣት ያቃጥላል። ፖርታ ባጋሊዮውን ከፍታችሁ ከመብራቱ በስተጀርባ ያለውን የጎን ሽፋን ገለል አድርጉ። አምፖሎቹ ሁሉ የተሰኩበት አንድ የፕላስቲክ ሰሌዳ ታገኛላችሁ፤ ሰሌዳውን ከመብራቱ ጋር የያዘው ማያያዣ በእጅ የሚለቅ ስለሆነ ካቻቢቴ አያስፈልገውም። ፕላስቲኩ ያረጀ ነውና በጉልበት አትጎትቱት። የተሰበረ ማያያዣ ሰሌዳውን ያላላዋል፣ የላላ ሰሌዳ ደግሞ ውሃም አቧራም ያስገባል። ሽቦው ሳይነቀል ሰሌዳው ወደ እናንተ ይመጣል።

ስቶፑ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የመብራቱን ቀይ ክፍል በውጭ አይታችሁ ከሰሌዳው ጋር አስተያዩ። በጀርመን መኪና ደንብ ወደ ስቶፕ የሚሄደው ሽቦ ጥቁር ሆኖ ቀይ መስመር አለው፤ ቡናማው ሽቦ ማሳ ነው፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ቦዲው የሚመለስበት። አምፖሉን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋችሁ ወደ ግራ አዙሩት፤ ይወጣል። ብርጭቆው ከጠቆረ ወይም ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰ ተቃጥሏል። በዓይን ካልለየላችሁ ከሌላኛው ጎን ከሚሠራው ጋር አቀያይሩ። ጨለማው ከአምፖሉ ጋር ከተዛወረ ጥፋቱ የአምፖሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ የመያዣው።

መያዣው ከሆነ ምንም አትግዙ። የንክኪውን ቆርቆሮ እዩት፤ አረንጓዴ ወይም ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ከያዘ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ጥረጉት። የአምፖሉን የእርሳስ ጫፍም እንዲሁ። ንክኪው ተጭኖ ቀርቶ ከሆነ በቀስታ ወደ አምፖሉ አንሱት። የሐይቅና የደሴ ዝናብ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት፣ በየመንደሩ መግቢያ ያለው አቧራ፤ ይህ ሁሉ የሚያርፈው እዚህች ቆርቆሮ ላይ ነው።

አዲስ አምፖል ካስፈለገ «12 ቮልት፣ 21 ዋት፣ ነጠላ» በሉ። ነጠላ ማለት ውስጡ አንድ ሽቦ ብቻ ያለው፣ ከታችም አንድ የንክኪ ነጥብ ብቻ ያለው ነው፤ በጎኑ ያሉት ሁለት ጉጦችም እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ባለ ሁለት ሽቦው 21/5 ዋት ደግሞ ጉጦቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ ነው። የሱቁ ልጅ «ጋሼ፣ ገፋ ቢያደርጉት ይሄም ይገባል» ካላችሁ ገንዘባችሁን በኪሳችሁ ያዙ። ይገባል፤ መያዣውን አጣሞ ነው የሚገባው።

ምልክት፦ አምፖሉ ተቀይሮ ይበራል፣ የዳሽቦርዱ ምልክት ግን አይጠፋም

ብዙ ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም ይበራሉ፣ ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ መኪናው ግን አሁንም ይከሳል። መኪናው አልተሳሳተም። አምፖል የሚጠብቀው መሣሪያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ያነጻጽራል እንጂ መብራቱን አያይም። በአንድ በኩል ሠላሳ ዓመት የቆየ የጀርመን አምፖል፣ በሌላ በኩል ትናንት የተገዛ ርካሽ አምፖል ካለ፣ ሁለቱ ላይ «21 ዋት» ቢጻፍም የሚስቡት መጠን ሊለያይ ይችላል። መሣሪያው ለዚያች ልዩነት ይጮኻል።

መፍትሄው ጥንድ መግዛት ነው። ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ካርቶን፣ ሁለቱን አንድ ላይ ቀይሩ። የወጣው ደህናው አምፖል በመሳቢያ ውስጥ መጠባበቂያ ይሁን። ጥንዱ ተቀይሮም ካልጠፋ ወደ ንክኪው ተመለሱ፤ የቆሸሸ ንክኪም ኤሌክትሪክ ስለሚቀንስ እንደ ደካማ አምፖል ይቆጠራል። ሁለቱም ጎን ንጹሕ ሆኖ ከቀጠለ ብቻ ነው ወደ መሣሪያው የሚኬደው። ውስጡ ያለው ብየዳ ከዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል፤ ይህን ኤሌክትሮኒክስ የሚበይድ ሰው ይሠራዋል።

ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ መኪና አልመክርም። የሚስበው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ መሣሪያው «አምፖል የለም» ይላል። አንዳንድ ባለሙያዎች ምልክቱን ለማጥፋት በጎን ሪዚስተር ያስገባሉ፤ ሪዚስተሩ ደግሞ ያንኑ 21 ዋት በሙቀት መልክ ሊያወጣ ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ፣ ከምንጣፍ አጠገብ ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ተብሎ የተገባበት ነገር እንግዲህ ይኸው ነው።

ምልክት፦ ይበራል፣ ግን ፈዛዛ ነው

መጀመሪያ አምፖሉን አውጥታችሁ የተጻፈበትን አንብቡ። በኛ አካባቢ ያሉ የመለዋወጫ ሱቆች ዋና ደንበኛቸው የጭነት መኪና ነው፤ አይሱዙውም ሲኖትራኩም በ24 ቮልት ይሠራሉ። የ24 ቮልት ባለ 21 ዋት አምፖል መልኩም መቀመጫውም ያው ስለሆነ መርቼዲሱ ላይ ያለ ችግር ይገባል፤ በ12 ቮልት ግን እንደ ሻማ ነው የሚበራው። ቀን ላይ ጭራሽ አይታይም። ለቦሎ ምርመራ የሄደ ሰው «ይበራል እኮ!» እያለ የሚከራከረው ብዙ ጊዜ ይህን ይዞ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ከአምፖሉ ጀርባ ያለውን የሚያብረቀርቅ ገጽ እዩ። ውሃ የገባበት መብራት ውስጡ ይጠቁራል፣ ይላጣል፤ ብርሃን የሚመልስ ነገር አይኖረውም። በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፣ ብርጭቆ ወረቀት እዚህ አይገባም። ቀጥሎ ውሃው ከየት እንደመጣ ፈልጉ፦ ከመብራቱ ዙሪያ ያለው ጎማ ደርቋል ወይ? የፖርታ ባጋሊዮው ጎማ ተቀዷል ወይ? ከመጠባበቂያው ጎማ ሥር እጃችሁን ስደዱና እርጥበት ካለ መልሱን አገኛችሁ። ጎማውን ቀይሩት፤ ሲሊኮን ዙሪያውን መለጠፍ ለጊዜው ይይዛል፣ በኋላ ግን መብራቱን ለማውለቅ ጠላት ይሆንባችኋል።

ምልክት፦ ፍሬን ሲረገጥ ሌላው መብራት አብሮ ይርገበገባል

ትንሹ መብራት በርቶ ፍሬን ስትረግጡ ከመድመቅ ይልቅ የሚደበዝዝ፣ ወይም ፍሬቻ ስትሰጡ ስቶፑ አብሮ የሚጠቅስ ከሆነ አምፖል አትንኩ። ይህ የማሳ ችግር ነው። ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት መንገድ ሲዘጋ በሌሎቹ አምፖሎች በኩል ዞሮ ለመውጣት ይሞክራል፤ የሚርገበገቡት ለዚህ ነው። ቡናማውን ሽቦ ከሰሌዳው ጀምራችሁ ከቦዲው ጋር እስከሚታሰርበት ተከተሉት። ብሎኑን ፈትታችሁ ቀለበቱንም የቦዲውን ብረትም እስኪያበራ ጥረጉ፣ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ትንሽ ግሪስ ቀቡ። ከሰሌዳው ጋር የሚገናኝበትን መሰኪያም አውጥታችሁ እዩ፤ ሙቀት በልቶት የጠቆረ ከሆነ ብሎኑን ብቻ ማጥበቅ አይበቃም።

የጠቆረ ወይም የቀለጠ መያዣ ካገኛችሁ ስለ አነዳዳችሁም አስቡበት። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ላይ ቆሞ የሚወርድ ሰው አምፖሎቹን ያለ እረፍት ያበራቸዋል፤ ንክኪው ላላ ካለ ደግሞ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ያለሰልሰዋል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ማርሹን ወደ 3 ወይም ወደ 2 አውርዱ፣ ሞተሩ ይያዝላችሁ። ከመብራቱ በላይ ፍሬኑ ራሱ ያመሰግናችኋል።

ምልክት፦ ፍሬን ሳይረገጥ አንዱ ጎን ደምቆ በርቷል

የኋላ የጉም መብራት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሾፌሩ በኩል አንድ ብቻ ናት፣ ድምቀቷም የስቶፕ ያህል ነው። የመብራት ማብሪያው ወደ ውጭ ተስቦ እንደሆነ እዩና ወደ ውስጥ መልሱት። ጉም ሳይኖር በርታ ከቀረች የኋላው ሾፌር ፍሬን መያዛችሁንና አለመያዛችሁን መለየት ያቅተዋል። መኪናው ቆሞ ቁልፉ ከወጣ በኋላ በአንድ ጎን ብቻ ትንሹ መብራት ፊትና ኋላ ከበራ ደግሞ ማብሪያው በማቆሚያ መብራት ላይ ተዞሯል፤ ይህም ብልሽት አይደለም።

ምልክት፦ አንዱም አይበራም

ግራና ቀኙ ባንድ ቀን አይቃጠሉም። ፊውዙን እዩ። ኮፈኑን ስትከፍቱ በሾፌሩ በኩል፣ ወደ መስታወቱ ጥግ ያለው ጥቁር ሳጥን ነው፤ የትኛው ፊውዝ የስቶፕ እንደሆነ ዝርዝሩ ይነግራችኋል። በእነዚህ መኪኖች ያለው ፊውዝ እንደ ዛሬው ጠፍጣፋ ሳይሆን በሁለት ጫፉ ሾጣጣ ነው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16፣ ሰማያዊው 25። ሳይበጠስም ጫፉ ስለሚሻግት ንክኪ ያጣል። ቁልፉን ዘግታችሁ በጣት እዚያው ወዲያ ወዲህ አሽከርክሩት፤ ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ያበራዋል። ለዘለቄታው ግን በመዳብ ሽቦ የተሠራ ፊውዝ ግዙ፤ ከአልሙኒየሙ በጣም ይሻላል። በተቃጠለ ፊውዝ ላይ የሚያብረቀርቀውን የሲጋራ ወረቀት ጠቅልሎ መሄድ ሽቦውን ፊውዝ ማድረግ ነው።

አዲሱም ወዲያው ከተበጠሰ የተላጠ ሽቦ ቦዲ ይነካል። ፖርታ ባጋሊዮ ውስጥ ጀምሩ፤ የጤፍ ጆንያና ጄሪካን ሲጫንና ሲወርድ የጎኑን ሽቦ ያደቀዋል።

ፊውዙ ደህና ከሆነ የቀረው ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለችው ማብሪያ ናት። የስቶፕ መብራቱን ሁለት ሽቦዎች ከእሷ ነቅላችሁ በአጭር ሽቦ አገናኙና ቁልፉን ክፈቱ፤ መብራቱ ከበራ ማብሪያዋ ሞታለች፣ ትቀየር።

ምልክት፦ እግር ተነስቶም አይጠፋም

ያችው ማብሪያ ናት። ፔዳሉን በጫማችሁ ጀርባ ወደ ላይ ሳቡት፤ መብራቱ ከጠፋ ፔዳሉ አልተመለሰም ወይም ማብሪያዋ ከቦታዋ ተንሸራታለች፣ ትስተካከል። ሽቦዋን ስትነቅሉ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ውስጧ ተጣብቋል፣ ትቀየር። ሽቦዋ ተነቅሎም ከበራ ግን ችግሩ ከፔዳሉ አልፎ መስመሩ ውስጥ ነውና ቴስተር ያለው ኤሌክትሪሻን ጋ ውሰዱት።