ወኪላችሁ የነበረው አብሮ አደግ ሲሞት

ውጭ ስንኖር አገር ቤት ያለው ጉዳያችን በአብዛኛው የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ላይ ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም እህት ሳይሆን አብሮ አደግ ነው። የእኔም እንደዚያ ነበር። አብረን ጨርቅ ኳስ የሰፋን፣ ሳንቲም አዋጥተን ብስክሌት የተከራየን ልጅ፣ አድጎ ቤቴን የሚያከራይልኝ፣ ለእናቴ መድኃኒት የሚገዛልኝ ወኪሌ ሆነ። አምና ሞተ።

መጀመሪያ ስለ መርዶው። እኔ የሰማሁት በአራተኛው ቀን ነው። "ብቻውን ነው፣ ምን ይሆንብናል" ብለው ደብቀውኝ፣ እዚህ ያለ የሩቅ ዘመድ ተፈልጎ፣ እሱም ከሥራ እረፍት እስኪያገኝ ተጠብቆ፣ በማለዳ በሬን አንኳኳ። ክፋት የለውም፤ ወጋችን ነው። ግን ቀብር በዕለቱ ወይም በማግስቱ ስለሚፈጸም እኔ ስሰማ ሰልስቱም አልፏል። ከአሁኑ ለቤተሰብ ንገሩ፦ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ለእገሌ ደውሉ፣ እሱ ይንገረኝ፣ ግን በዕለቱ ይሁን።

እንደሰማችሁ ስልክ አንሱ። እኛ ሲጨንቀን ገንዘብ መላክ ይቀናናል፤ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን ግን እድሩ ቀድሞ አድርሶታል። እናቱ ጋ ደውሉ። "እግዜር ያጥናዎት" በሉና ዝም በሉ፣ እሳቸው ያልቅሱ። በስማችሁ ለቅሶ የሚቀመጥ ሰውም ላኩ፤ "የእገሌ ወንድም መጥቶ ነበር" መባሉ ቀላል አይደለም።

ገንዘቡ የሚያስፈልገው ድንኳኑ ሲነቀልና ሰው ሲበተን ነው። አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ ከፊት አለ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያም አለ። ለባለቤቱ በራሷ ሒሳብ ላኩ፣ በሰው እጅ አይሁን። ሐውልት ላሠራ ብሎ የሚቸኩል አለ፤ እኔ ብትቆዩ እላለሁ፣ መጀመሪያ እሷን ጠይቋት።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። በአምስተኛው ቀን ለባለቤቱ ደውዬ "የቤቱ ካርታ የት ነው የተቀመጠው?" አልኳት። እሷ ከል ለብሳ ቁም ሳጥን ስትፈትሽልኝ ይታየኛል። ምን አስቸኮለኝ? ተከራዩ ቤቱን ይዞ አይጠፋ! እናንተ የካርታውንም የውሉንም ኮፒ ዛሬውኑ፣ ሰውዬው በሕይወት እያለ፣ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ዋናው የት እንዳለም ሌላ አንድ ሰው ይወቅ።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ወኪሉ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ሚስቱም ልጁም አይወርሱትም። ስለዚህ "ያው ቤተሰብ ነው" ብላችሁ ወንድሙን በድሮው ወረቀት አትላኩ። አዲሱን ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄዳችሁ ትፈርማላችሁ፤ አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይገባል። መሸጥ የሚለው ሥልጣን በግልጽ ካልተጻፈ ጠቅላላ ውክልና ብቻውን ቤት አያሸጥም። ማከራየት ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ እሱን ብቻ ጻፉ።

የሚከብደው በእሱ ስም ያለው ነው። የኪራዩ ብር በእሱ ሒሳብ ይገባ ከነበረ፣ ወይም መኪናውን በእሱ ስም ገዝታችሁ ከነበረ፣ አሁን ከውርሱ ጋር ተቀላቅሏል። ወራሾቹ ሞቱን ወረዳ ወሳኝ ኩነት አስመዝግበው (ጊዜው 30 ቀን ነው)፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሳያወጡ ባንኩም ሒሳቡን አይከፍትላቸውም። ወረቀት ከሌላችሁ በእነሱ ቅንነት ላይ ናችሁ። ለእኔ ባለቤቱ የሁለት ወር ኪራዬን ሳልጠይቃት ቆጥራ ላከችልኝ። የእሱ ደብተር ላይ ተጽፎ አግኝታው ነው፤ በወር በወሩ፣ በዚያ በተንጋደደ ጽሑፉ፣ የአምፖል መግዣ እንኳ ሳይቀር።

አገር ቤት ስትገቡ፣ ዓመት ቢያልፈውም፣ ሌላ ጉዳይ ሳትጀምሩ እዚያ ቤት ሂዱ። በጠዋት ሂዱ። ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል፣ እርማችሁን ታወጣላችሁ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ ስል ስለ ስጦታ አይደለም፤ ልጆቹ ያላዩትን ነገር ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎቶም ቢሆን፣ ደብዳቤም ቢሆን። እኔ ስልኬ ላይ የቀረ የድምፅ መልእክት ይዤ ሄድኩ። ስለሚያፈስ ቆርቆሮ ነው የሚያወራው፣ ግማሹ ሳቅ ነው። ትንሿ ልጁ አምስት ጊዜ አስደገመችኝ።